የፊት ቀኝ ጎማ

መኪናችን ሲጥ ማለት የጀመረችው ባሌ በገዛ እጁ ከጠገናት በኋላ ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ እሱ ዛሬም ታሪኩን ሲያወራ ከመሀል ስለሚጀምረው ነው። ከመጠገኗ በፊት፣ በፊተኛው ቀኝ ጎማዋ በኩል እያጉረመረመች የምትሄድ ትንሽ የጭነት መኪና ነበረችን። ከተጠገነች በኋላ ደግሞ የምትጮህ መኪና አገኘን። እሰይ፣ ተሻለን።

የምንኖረው ግብፅ፣ አርድ ኤል ሊዋ የሚባል ሰፈር ነው፣ አንድ ቤት ከሌላ ሐበሻ ጋር ተካፍለን። «የምንኖረው» ስል ባሌና ልጄ ማለቴ ነው። እኔ የምኖረው ሞሃንዲሲን የሚባል ሰፈር፣ የምሠራላት ማዳም ቤት ነበር። አዳሪ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ሐሙስ ማታ እወጣለሁ፣ ዓርብ ማታ እመለሳለሁ። ልጄ ጡት ከጣለች ጀምሮ ሌላውን ቀን ሁሉ ያደረችው ቤቱን የምትጋራን ሴት ጉያ ነው። ሴትየዋ ደግ ናት፣ ክፉ አልናገራትም። ግን ልጄ ሌሊት ደንግጣ ስትነቃ የምትጠራው እሷን ነው። እኔ አጠገቧ በተኛሁበት ሐሙስ ሌሊት እንኳ እሷን ነው የምትጠራው። አንጀቴ ቅጥል ይላል። ቅናት ነው በሉት፣ ቅናት ነው።

ያቺ መኪና የተገዛችው ለዚህ ነበር፤ እኔ ከማዳም ቤት ወጥቼ ከልጄ ጋር እንዳድር። ሌላ ሕልም አልነበረኝም። አውሮፓ አላልኩ፣ ካናዳ አላልኩ። ማታ ልጄን አጥቤ፣ ጸጉሯን ሠርቼ፣ አጠገቧ መተኛት ነው የፈለግኩት። ሀረም የሚባል ሰፈር የቤት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ግብፃዊ ነጋዴ፣ አልጋና ቁምሳጥን ለገዢዎቹ የሚያደርስለት መኪና ይፈልግ ነበር። ሰኞ ጠዋት መኪናችሁን ልሞክራት፣ ከተስማማችኝ በየቀኑ ሥራ አላችሁ አለን። ይህን ስሰማ ማን ይቻለኝ። ማዳምን ኸላስ፣ በቃ፣ ከዚህ ሐሙስ ወዲያ አልመጣም አልኳት። እሷም እንደ ልጇ ስትቀልበኝ የኖረች ይመስል አኮረፈች፣ ሌላ ሠራተኛ አስመጣች፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።

እንግዲህ የቀረው የፊት ቀኝ ጎማ ነበር። የጎማው ኩሽኔታ አርጅቶ ያጉረመርማል፤ ነጋዴው ሳይሰማው መቀየር አለበት። ባሌ አገር ቤት እያለ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አዋሽ በረሃ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሞተር አውርጄ ሰቅያለሁ ይላል፤ እውነት ሊሆን ይችላል፣ አላየሁም። ለግብፅ መካኒክ ግን መኪና አይሰጥም። አንዱን ሠርተው ሌላውን ያበላሹብሃል፣ ደህናውን ፈትተው አሮጌ ይሰኩልሃል ባይ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እዚያው በራችን ላይ፣ ቱክቱክ እየተጋፋው፣ በክሪክ አንስቶ ከሥሯ ጡብ ደርድሮ ጎማውን ፈታው። አሮጌውን ኩሽኔታ ቀጥቅጦ አወጣ። ከዳዶው ሥር የምትገባ ሮንዴላ አለች፣ መሀሏ የተበሳ ቀጭን ብረት። እሷን አገላብጦ አያትና ተበልታለች፣ ከአዲሱ ጋር ትመጣለች ብሎ ቆሻሻ ላይ ወረወራት።

ዕቃውን እንድገዛ የላከው እኔን ነው። አረብኛ ከአፉ አይወጣም፤ ሱቅ ገብቶ ሲንተባተብ እንዲሳቅበት አይፈልግም። የእኔ አረብኛ ደግሞ የማዳም ቤት አረብኛ ነው። ስለ ሽንኩርት፣ ስለ መጥበሻ፣ ስለ አንሶላ ከሆነ ከማንም ግብፃዊት እኩል እከራከራለሁ። የመኪና ዕቃ ግን አንዱንም በስሙ አላውቅም። ኩሽኔታ ብል ማን ይሰማኛል? ግራሱ የሚንጠባጠበውን አሮጌውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሻጩ አየት አደረገና የሱን ወንድም በካርቶን አምጥቶ ሰጠኝ። ከፍዬ በሩን እንደወጣሁ ከኋላዬ ጮኸ፤ «ያ ሲት! ኢል ወርዳ!»

አንቺ ሴት፣ አበባዋ ማለቱ ነው። ወርዳ አበባ ነው። ይህን ቃል አሳምሬ አውቀዋለሁ፣ የማዳምን ሳሎን አበባ ውሃ የምቀይረው እኔ ነኝ። ደሜ ፈላ። ይህች ከተማ ለጥቁር ሴት ያላወጣችው ስም የለም። ማሯ ይሉሻል፣ ቸኮላቷ ይሉሻል፣ የከፋውን እዚህ አልጽፈውም። ማይክሮባስ ስጠብቅ መኪና አጠገቤ አቁመው ዋጋዬን ጠይቀውኛል። መጀመሪያ ሰሞን ዞር ብዬ እሰድባቸው ነበር። ለካ የሚፈልጉት እሱን ነው፤ አንዴ ዞር ካልሽላቸው ጨዋታው ደራ። ስለዚህ አልዞርም። ያን ቀንም አልዞርኩም። አበባህን ለእናትህ ውሰድላት አልኩት፣ በአረብኛ፣ ያውም በጥሩ አረብኛ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት በሳቅ ፈረሱ። ሰውዬው ግን ወርዳ ወርዳ እያለ እስከ አስፋልቱ ተከተለኝ። ዓይኑን አያሳየኝ ብዬ ያገኘሁት ቱክቱክ ውስጥ ገባሁ።

ቤት ስደርስ ባሌ ካርቶኑን ከፈተ፣ ገልብጦም አራገፈው። ሮንዴላዋስ? አለ። የሰጠኝ ይሄን ነው አልኩ፣ እውነቴን ነው። ወደ ጣለበት ቆሻሻ ዞር ብሎ አየ፤ የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋሪ አልፎ ነበር። ከዚያ ዳዶውን ጠበቅ ካደረግኩት ይበቃዋል አለና ገጠመው። ሮንዴላ ምን እንደሚሠራ እኔ በምን ላውቅ? የጅቡቲ መስመር ሾፌር ይበቃል ካለ ይበቃል ነው ያልኩት። ምሳ አቀረብኩለት፣ እጁን በላርጎ አጥቦ በላ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ልጃችንን መሀል አስቀምጠን ለሙከራ ወጣን። መጀመሪያ ሰላም ነበር። ወደ ባቡር ማቋረጫው ስንታጠፍ ግን ሲጥ አለ። አንዴ ሳይሆን ጎማው በዞረ ቁጥር፤ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ባሌን አየሁት። ፊት ለፊቱን እያየ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። ምንድን ነው ይሄ ድምፅ ስለው የምን ድምፅ አለኝ። ልጄ እንኳ ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከታ ነበር። አዲስ ዕቃ እስኪለማመድ ነው፣ ጆሮሽ ነው፣ መንገዱ ነው፣ አንዱን ሲያጣ አንዱን እያነሳ ቤት ደረስን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድምፁ መኖሩን አመነ። ማመኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ፍለጋ ተጀመረ። የመቀመጫው ሞላ ነው አለ፤ መቀመጫውን ነቅለን ያለ መቀመጫ፣ እሱ ጄሪካን ላይ ተቀምጦ ነዳ። ሲጥ አለ። የጭስ ማውጫው ተላቆ ነው አለና በሽቦ አሰረው። ሲጥ አለ። የኋላ ፍሬን ነው አለ፤ የኋላ ሁለቱን ጎማዎች ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ገጠመ። ሲጥ። የግራውን የፊት ጎማ ሳይቀር ፈታው። ለቤተ ክርስቲያን የለበስኩት ነጭ ቀሚሴ ግራስ በግራስ ሆነ፤ መብራት ያዢ፣ ቁልፍ አቀብዪ፣ እሺ ጌታዬ።

በመጨረሻ እኔ ራሴ ላዳምጥ አልኩ። ከኋላ የዕቃ መጫኛው ላይ ወጥቼ በደረቴ ተኛሁ፣ ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጠፍኩ። እሱ ቀስ እያለ ነዳ። እንግዲህ አርድ ኤል ሊዋን የሚያውቅ ይገምት፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንዲት ሐበሻ መኪና ላይ ተዘርግታ ወለል ታዳምጣለች። በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች ተጠራሩብኝ። አንዱ ሞታለች ወይ ብሎ ሾፌሩን ጠየቀ። ምን አባታቸው፣ ሰኞ ነው የማስበው። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ እየተሳብኩ አዳመጥኩ። ከኋላ ዝም ነው። በግራ በኩል ዝም ነው። ወደ ፊት ቀኙ ጥግ ስጠጋ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ወደ ግራ ሲታጠፍ ደግሞ ሲጡ ላይ ጓ የሚል ይጨመራል።

ወርጄ የፊት ቀኝ ነው አልኩት።

«የፊት ቀኙን ትናንት ነው የሠራሁት» አለኝ። «እሱ ሊሆን አይችልም።»

አያችሁ? ሦስቱን ያልተነኩ ጎማዎች ፈትቶ ሲመረምር ውሎ፣ እጁ የነካውን አንዱን አልጠረጠረም። ትናንት የተነካው እሱ ብቻ ነው እኮ፣ ትናንት የጀመረው ድምፅም ይሄ ነው አልኩት። ስለ መኪና ልታስተምሪኝ ነው አለ። አላስተምርህም፣ ክፈተው ብቻ አልኩት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቤት ገባ። ሰኞ ጠዋት በቀዝቃዛው ድምፁ ይቀንሳል አለ፣ ከአልጋው ላይ ሆኖ።

አልቀነሰም። ሰኞ ሀረም ሄድን። ነጋዴው ጋቢና ውስጥ ገባ፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝና መሀል ተሸጎጥኩ። ሲጥ ሲለው መጀመሪያ ፈገግ አለ። የፒራሚዱን መንገድ ይዘን ወደ ግራ ስንዞር ጓ አለና ፈገግታው ጠፋ። እኔ አፌ እስኪደርቅ አወራለሁ፤ ባሌ ጎበዝ ሾፌር ነው፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ትንሽ ነገር ናት፣ ዛሬውኑ ትሠራለች። ነጋዴው ልከኛ ሰው ነው፣ አልተቆጣም። ሱቁ ደጃፍ ሲወርድ ጋቢናውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ማሌሽ አለ። እኔ ማሌሽን በዓይነት በዓይነቷ አውቃታለሁ። አይዞሽ የምትል ማሌሽ አለች፣ ይቅርታ የምትል አለች። በሩን የምትዘጋም አለች፤ ሰውዬው የተናገራት እሷን ነው። በማግስቱ ስደውልለት ሌላ መኪና ይዟል።

የዚያኑ ቀን ሰኞ፣ ከሀረም ስንመለስ፣ አሁን መካኒክ ጋ ካልወሰድካት ወርጄ እዚሁ እቀራለሁ አልኩት። ወሰዳት። መካኒኩ እኛ ሰፈር ጫፍ ላይ ያለ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ፣ ሰው ሲመጣበት የሚሰለቸው ሽማግሌ ነው። ጎማውን አንስቶ ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው፤ እንደ ወላቂ ጥርስ ተወዛወዘ። ፈታው። ጎንበስ ብሎ አየ፣ መሬቱንም አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለ።

«ፌን ኢል ወርዳ?» አለኝ። አበባዋ የት አለች?

እኔ ላይ የወጣውን ነገር አልነግራችሁም። ሦስት ቀን ያጠራቀምኩትን ሁሉ እሱ ላይ ደፋሁት። እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል፣ በዚህ ዕድሜህ አታፍርም፣ ባሌ አጠገቤ ቆሞ ስለ ምን አበባ ነው የምትጠይቀኝ እያልኩ ጮህኩ። ሽማግሌው ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። እብድ እንደሚያይ አየኝ። ከዚያ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ እጁን ከቶ፣ መሀሏ የተበሳ ቀጭን ክብ ብረት አወጣና አፍንጫዬ ሥር ያዛት። ለሕፃን እንደሚነግር ቃሏን ጎተተልኝ። ወርዳ።

ክው አልኩ። ለካ ግብፆች ሮንዴላን አበባ ነው የሚሏት። ለካ ያ ሻጭ ዕቃሽን ረሳሽ እያለ ነው በፀሐይ እስከ አስፋልት የተከተለኝ። በዚህች ከተማ ስንቱ ከኋላዬ ሲጮህ ኖሮ፣ ለደግ የጮኸልኝ ያ አንድ ሰው ነው፤ እሱን ነው በእናቱ የሰደብኩት። ልስቅ ፈለግኩ፣ የመጣው ግን ዕንባ ነው።

ለባሌ አስረዳሁት። ቃሉን፣ ሱቁን፣ አስፋልቱን፣ ሁሉን። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲቃለልለት አየሁ።

«ሰውዬው እየጠራሽ ነበር ማለት ነው» አለኝ።

«እየጠራኝ ነበር።»

«ታዲያ ምናለበት አንዴ ዞር ብትዪ?»

ይህን ነው ይቅር ያላልኩት። ጎድሎ እያየህ ለምን ገጠምከው አልኩት፤ ወደ ጎማው ዞረ። ምናለበት ዞር ብትዪ ይላል። ይሄ ሰው እኮ ለዓመታት በዚህ ከተማ አጠገቤ ሄዷል። እሱ አጠገቤ እያለም ይሉኛል፤ እየሰማ ነው የሚሉኝ፣ አረብኛ ስለማይገባው ብቻ ሰላምታ ይመስለዋል። እንዲያውም አንዳንዴ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይመልስላቸዋል። አልተረጎምኩለትም። ብተረጉምለት ይጣላል፣ ቢጣላ ይታሰራል፣ መታወቂያችን ምን እንደሆነ እናውቃለን። ዋጥ እያደረግኩ ነው የኖርኩት። እሱን ያዳንኩበት ዝምታ ዞሮ የእኔ ጥፋት ሆነ።

መካኒኩ ሌላም አሳየን። ያለ ወርዳዋ ዳዶው እየላላ፣ አዲሱ ኩሽኔታ ተፈጭቷል፤ የሚቀመጥበትን ብረትም በልቶታል። እሱ ተበይዶ እስኪስተካከል ሳምንቱ አለቀ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ነው ማዳም የደወለችው። አዲሷ ሠራተኛ አልሆነችላትም። ቅዳሜ ጠዋት ከመጣሽ መጣሽ፣ አለዚያ ሌላ ቋሚ ሰው እይዛለሁ አለችኝ። ስልኩን አፍኜ ለባሌ ነገርኩት። ልጃችን ወለሉ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ትታገላለች። አትሄጂም እንዲለኝ ጠበቅኩ። ሥራ የለውም፣ መኪናዋ ጡብ ላይ ናት፣ ምን እንደምንበላ አናውቅም፣ ሁሉን አውቃለሁ። ብቻ አንዴ አትሄጂም ይበለኝና እኔው ራሴ ግድ የለም፣ እሄዳለሁ ልለው ነበር።

«እስኪ ለጊዜው» አለ።

ለጊዜው። ልጄን ቤቱን ለምትጋራን ሴት ስሰጣት ጊዜም ያልነው ለጊዜው ነበር።

ዓርብ መኪናዋ ከመካኒኩ ወጣች። እግዜር ያሳያችሁ፣ ድምፅ የሚባል የላትም። ቅዳሜ ጠዋት እሷው አደረሰችኝ፤ ልጄ መሀላችን ተቀምጣ፣ ሻንጣዬ ከኋላ። ማዳም ሕንፃ ደጃፍ ስንቆም የማላውቀው አዲስ በር ጠባቂ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። የጭነት መኪና እዚህ አይቆምም፣ ዕቃ የሚወርደው በጓሮ በር ነው አለና በባሌ መስኮት ጎንበስ ብሎ ጠየቀው። ዕቃ ልታደርስ ነው የመጣኸው?

ባሌ አልገባውም። ሰውን ላለማስቀየም ሁልጊዜ የሚላትን አለ።

«አይዋ» አለ። አዎ።

በር ጠባቂው በእጁ አቅጣጫ አሳየን። ባሌ ወደ ጓሮ ዞረ። እኔም ልጄን ስሜ፣ ሻንጣዬን አውርጄ፣ ዕቃ በሚገባበት ገባሁ።